ፈቃድ ፈቃድ ነው

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛ ጮኻ ጮኻ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። የዘገዩት መንገድ ተጨናንቆ አይደለም። ሳጅኑ የፓትሮሉን ቁልፍ መኪናው ውስጥ ትቶ በሩን ስለዘጋበት ነው። ዕድሜውን በሙሉ ፖሊስ የነበረ ሰው! በሽቦ ሲጎረጉር ቆይቶ በመጨረሻ ሲከፈትለት ደግሞ «አዩ ኢንስፔክተር፣ ሌብነት ብጀምር ያዋጣኝ ነበር» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቁርስ ሳትበላ ከቤቷ የወጣች ሴት ለሳቅ አቅም የላትም።

ሟቹ ከምክር ቤቱ ምድር ቤት ደረጃ ግርጌ፣ የንብረት ክፍሉ መጋዘን በር ላይ ወድቀዋል። ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ክራቫታቸው አልላላም፤ ጫማቸው እንደተወለወለ ነው። የክልሉ ምክር ቤት የበጀት ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ከዚያ በፊት የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ ከዚያም በፊት ገንዘብ ከፋይ። ወዳጅም ጠላትም የሚጠራቸው ግን በአንድ ስም ነው፤ ባንኩ።

«ባንኩ ከደረጃ ወደቁ» አለ ሳጅኑ ባርኔጣውን አውልቆ።

«አልወደቁም። ሰው በግንባሩ ተደፍቶ የራስ ቅሉ ከኋላ አይሰበርም፤ አይደለም እንዴ ሳጅን?»

«እሱም አለ።»

ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ግን ጥግ ያለው ነገር የመታው መሆኑ ያስታውቃል። ደረጃው ደግሞ ጠርዙ በብዙ እግር ተበልቶ ድቡልቡል ሆኗል። ኪሳቸውን ፈተሸች። መነጽር፣ እስክሪብቶ፣ የታጠፈ መሐረብና አንድ አዲስ ጓጉንቸር ወጣ። ሁለቱ ቁልፎቹ ከፋብሪካ እንደወጡ በሽቦ ታስረዋል።

«የምክር ቤት አባል ጓጉንቸር በኪሱ ይዞ ምድር ቤት ምን ይሠራል?»

«ለቤታቸው ገዝተው ይሆናላ።»

«ለቤታቸው ከሆነ ወደ ቤታቸው አይወስዱትም ነበር?»

«እሱም አለ» አለ ሳጅኑ። ከዚህ ሰው ጋር መሥራት ግድግዳ ማማከር ነው።

«ቆመው ቀሩ እኮ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ። ሃምሳ የዘለቀ፣ ግራጫ ጋዋን የለበሰ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ወንበር፣ በሌላው የታሸገ ውሃ ይዞ ቆሟል። የንብረት ክፍል ኃላፊው ነው። በሕንጻው ውስጥ ስሙን ጠርቶ የሚያውቅ የለም፤ ምሰሶው ነው የሚሉት። ዘበኛው እንደነገራት ከሆነ ይህ ሰው ባይኖር ይህ ቤት ድሮ ተንዶ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከዓመት እስከ ዓመት፣ አንድ ቀን ሳይቀር።

ቢሮው ከመጋዘኑ አጠገብ ናት። ግድግዳው ላይ ያለው መደርደሪያ «የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ» በሚሉ ዋንጫዎች ተሞልቷል፤ ሁሉም የእብነ በረድ መቀመጫ አላቸው። አቧራ ጠጥተው ግራጫ ሆነዋል። አንዱ ብቻ እንደ መስታወት ያበራል።

«የዘንድሮው ነው?» አለች ለጨዋታ ያህል።

«ምኑ? እ... አዎ፣ የዘንድሮው» አለና ወንበር ሳበላት።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«በሰርቪስ ሄድኩ፤ እንደ ሁሉም ሰው። የባንኩ ጸሐፊ አጠገቤ ነበረች፣ ይጠይቋት።»

«ባንኩ እርስዎ ጋ ምን ጉዳይ ነበራቸው?»

«ግራ የገባኝ እሱ ነው! ካነጋገሩኝ ሳምንት አለፈ። ይኸው እዚህ ሞቱብኝ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሐሜት ይሆንብኛል እንጂ፣ ትናንት ሹፌራቸው ግቢ ውስጥ ሲጮህባቸው ያልሰማ የለም።»

በዚህ መሐል ኮማንደሩ ደወለ። ኮማንደሩ ሲደውል ሰላምታ አያውቅም።

«ምን ደረስሽ?»

«ገና መጣሁ።»

«እኔ ደግሞ ገና አይደለሁም፤ ጋዜጠኛው በሬን ሊሰብረው ነው። የድሮው መናኸሪያ ይሸጥ አይሸጥ ተብሎ ምክር ቤቱ እኩል ለሁለት ተከፍሎ ዛሬ ድምፅ ሊሰጥ ነበር። ሚዛኑን የሚደፉት እሳቸው ነበሩ። አሁን ግማሹ ግማሹን ገዳይ እያለ ነው። ሹፌሩን ይዘነዋል። ነገ ጠዋት መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ እልካለሁ።»

«እሱ ለመሆኑ ማስረጃ አለን?»

«እሱ ላለመሆኑ ማስረጃ አምጪልኝ» አለና ዘጋባት።

*

ሹፌሩ ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ጣቶቹን ይቆረጥማል።

«ትናንት ‹ይህን ግፍ አንድ ቀን ያገኙታል› ብለሃቸዋል?»

«ብያለሁ።»

«ሁሉም ከሄደ በኋላ መኪናዋን ወደ ግቢ ስታስገባ ዘበኛው አይቶሃል። ከየት እየመጣህ ነበር?»

«ከቤቴ።»

«ጎረቤቶችህ አልነበረም ብለዋል።»

«እንግዲያው ከመንገድ።»

«ከየትኛው መንገድ?»

ዝም።

«ስማ ወንድሜ፣ የት ነበርክ ነው የምልህ። ቀላል ጥያቄ ናት። ልጆችም ይመልሷታል።»

ዝም። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው እዚህ ክፍል ገብቶ አያውቅም፤ እዚህ ዝም ያለ ሰው ይበሰብሳል። ነገ ጠዋት መዝገቡ ከሄደ ይህ ልጅ ከዚያ አዘቅት ለመውጣት ዓመት ይፈጅበታል። እሷ ደግሞ የነፍሰ ገዳይ ልብ አላየችበትም፤ ያየችው የፈራ ልጅ ነው። ብታንቀው ደስ ባላት።

*

የባንኩ ጸሐፊ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ ቢሆንም አለቃዋን ከማማት አልቦዘነችም።

«ስምንት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። አንድም ቀን ‹ተሳስቻለሁ› ብለው አያውቁም። የሚያናድደው ደግሞ አይሳሳቱም ነበር! ከባንክ ወጥተው ምክር ቤት ገቡ እንጂ ባንኩ ከእሳቸው አልወጣም። የመንገድ ቢሮ ኃላፊው በጀት ሊጠይቅ ቢመጣ በሙሉ ጉባኤ ፊት ‹ዋስትናህ ምንድነው?› አሉት። ሰውየው እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም፤ እኔን!»

«ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመረጡስ?»

«ሌላው ተወዳዳሪ ድልድይ ቃል ሲገባ እሳቸው ሕዝቡን ሰብስበው ‹የማልችለውን አልፈርምም› ብለው ተቀመጡ። ንግግሩ አለቀ እኮ! ሰው ደግሞ በዚያው መረጣቸው፤ ከባዶ ተስፋ ባዶ እጅ ይሻላል ብሎ ነው መሰለኝ።»

«ትናንት ከማን ጋር ተነጋገሩ?»

ጸሐፊዋ በሩን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልወጣ ስል በውስጥ ስልክ እየተናገሩ ነበር። ከማን ጋር እንደሆነ አላውቅም። ‹የፈቃዱን ነገር ዛሬ እንጨርሰዋለን። እምቢ ማለት የለም። ፈቃድ ፈቃድ ነው› ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«የማን ፈቃድ?»

«የማን ይሆናል? የኮንትራክተሩ ነዋ! የመናኸሪያውን መሬት የሚገዛው። ከተማው የሚያወራው ስለ እሱ የግንባታ ፈቃድ አይደል?»

«ከሥራ ስትወጪስ ምሰሶው አብሮሽ ነበር?»

«አዎ፣ ሰርቪስ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። እኔ መስኮቱን ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ኢንስፔክተሯ የመጨረሻውን አልሰማችም። ኮንትራክተሩ ራሷ ውስጥ ገብቶ ነበር።

*

ኮንትራክተሩ በቆርቆሮ በተሠራች የግንባታ ቦታ ቢሮው ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየመታት አቆማት። ሲያስገባት ደግሞ እንደ ተበዳይ ሆኖ ነው።

«እኔ? እሳቸውን? እህቴ፣ አሞዎታል እንዴ! ድምፃቸውን ሊሰጡኝ ነበር እኮ። ባለፈው ሳምንት ጠርተው ‹ዋስትናህን አይቻለሁ፣ ይበቃል› አሉኝ። ሚስቴ እንኳ እንዲያ ብላኝ አታውቅም። ዛሬ ሊያጸድቅልኝ የነበረውን ሰው ትናንት እገድላለሁ?»

«ፈቃዱን በተመለከተ ‹እምቢ ማለት የለም› ብለዋል።»

«ለማን? ለእኔ? ደጅ ጠንቼ፣ ለምኜ፣ እግር ስሜ የምፈልገውን ፈቃድ እምቢ ልል? ፈቃድ እምቢ የሚል ነጋዴ አይተው ያውቃሉ?»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ከከተማው መሐንዲሶች ጋር ስብሰባ ላይ። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ጠላቶቼ ናቸው። ይጠይቋቸው፣ ደስ ይለኛል።»

ጠየቀቻቸው። ሦስቱም ጥርሳቸውን ነክሰው፣ እያዘኑ፣ አዎ አብሮን ነበር አሉ። ግማሽ ቀን ውሃ ወቀጣ ሆነ። መኪና ውስጥ ገብታ በሩን እስኪያቃጭል ድረስ ዘጋችው።

ስልኳ ጮኸ። ታላቅ እህቷ ናት።

«ፈቃድ ጠየቅሽ?»

«አሁን አይደለም እቱ፣ ሰው ተገድሎ...»

«ሁልጊዜ ሰው ይገደላል! ሦስት ዓመት ሙሉ ‹እመጣለሁ› ትያለሽ። ልጄ አክስቷን በስልክ ብቻ ነው የምታውቃት። አንቺ ሁለት ሳምንት ብታርፊ ፖሊስ ጣቢያው ይዘጋል?»

«ሥራ ነው እኮ።»

«አይ አንቺ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለችና እህቷም ዘጋችባት። ዛሬ ስልክ የሚዘጋው በእሷ ላይ ብቻ ነው።

ሳጅኑ ከፊት ወንበር ዞር አለ። «ከክሊኒክ አንዲት ሴት ምክር ቤቱ እየደወለች ስለ ሹፌሩ ትጠይቃለች፤ ሚስቱ ናት። ወልዳለች።»

«መቼ ነው የሰሙት?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት! ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቁኝማ።»

*

ሹፌሩ ልጅ መወለዱን ሲሰማ ያን ያህል የቆለፈው አፉ በአንድ ጊዜ ተከፈተ።

«ምጥ ይዟት ነበር። ‹መኪናዋን ልውሰድና ላድርሳት› አልኳቸው። ‹የሕዝብ መኪና ናት፣ ፈቃድ የለህም› አሉኝ። ከኪሳቸው የታክሲ አውጥተው ሰጡኝ። እኔ ግን በንዴት ወርውሬላቸው ጮህኩባቸው። ታክሲ ደግሞ ጠፋ። ተደብቄ በመኪናዋ አደረስኳትና መለስኩ። ከዚያ በእግሬ ተመልሼ የክሊኒኩ አጥር ስር አደርኩ። ሌሊት ወንድ አያስገቡማ።»

«ይህን ጠዋት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ያለ ፈቃድ መኪና የወሰደ ሹፌር ከሥራ ይባረራል። መመሪያውን ያወጡት እሳቸው ናቸው።»

«ሰውዬው ሞተዋል እኮ!»

«እሳቸው ሞቱ እንጂ መመሪያው መቼ ሞተ?»

ኢንስፔክተሯ ግንባሯን በሁለት እጇ ያዘች። አጥር ስር ያደረ ሰው ምስክሩ አጥሩ ብቻ ነው፤ ኮማንደሩ ደግሞ የአጥር ቃል አይቀበልም። እንዲያውም መኪናዋን ሊመልስ ግቢው ውስጥ መግባቱን በራሱ አፍ አረጋገጠ።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለ ሳጅኑ ከወጡ በኋላ። «ልጁ አይመስለኝም።»

«እኔም አይመስለኝም። መምሰልና አለመምሰል መዝገብ ላይ አይጻፍም እንጂ።»

*

የባንኩ ቤት ግቢ አስተዛዛኝ ሞልቶታል። በየጥላው ስር ጀርባቸው ላይ የምክር ቤቱ የንብረት ቁጥር የተጻፈባቸው ወንበሮች ተደርድረዋል። ባለቤታቸው ሳሎን ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ በዚህ ሰዓት ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ።»

«ጠይቂኝ ልጄ። ዝም ብዬ ስቀመጥ ነው የሚብስብኝ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«አድካሚ!» አሉ ሳያስቡ። «የቤቱን በር ሁለት ጊዜ ቆልፈው ለሦስተኛ ጊዜ እኔን ይልኩ ነበር። ትናንት ማታ በሩ ሳይቆለፍ አደረ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው፤ ማን ይቆልፈው?» ሊስቁ ጀምረው ለቅሶ ሆነባቸው። ሳጅኑ መሐረቡን ሰጣቸው፤ አንዳንድ ቀን ሰው ይሆናል።

«እንዴት ተዋወቃችሁ?»

«በፀብ ነዋ! እኔ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ፤ እሳቸው አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሆነው መጡ። በመጡ በወሩ ጠሩኝና ‹ፈቃድ ውጪ› አሉኝ። ‹ምን አደከመኝ? አልፈልግም፤ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም› አልኩ። ‹ለዚሁ ነው የምትወጪው› አሉኝ። አበድኩ! ‹ፈቃድ እምቢ አይባልም፤ ፈቃድ ፈቃድ ነው› ብለው ቁልፌን ተቀበሉኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቴ ተጋድሜ ሰደብኳቸው። ስመለስ በአዲስ ቁልፍ ጠበቁኝ። ‹ምንም አልጎደለም› አሉና ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ላግባሽ አሉኝ።»

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ለምን ነበር በግድ ፈቃድ የሚያስወጡት?»

«የባንክ ሕግ ነው ልጄ። ሁሉም በዓመት አንዴ ይወጣል፣ ቁልፉን ሌላ ሰው ይይዛል። ሥራውን የሚወድ ሰው ቅር እያለው ይወጣል። የሚሰርቅ ሰው ግን ለአንድ ቀንም ቁልፉን መልቀቅ አይችልም፤ የሚተካው ሰው ያየዋላ። ‹አልወጣም ያለውን ፈትሹት› ይሉ ነበር። ቁልፉን ደግሞ ራሳቸው ነበሩ የሚቀይሩት። ጓጉንቸሩንም ከኪሳቸው ነው የሚገዙት።»

ፈቃድ! ኢንስፔክተሯ በራሷ ተናደደች፤ ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀበረች። ነጋዴ የንግድ ፈቃድ እምቢ አይልም። ኮንትራክተር የግንባታ ፈቃድ እምቢ አይልም። ያ ሰውዬ በአፉ ነግሯታል፣ እህቷ በጆሮዋ ጮኻለች፤ እሷ ግን ግማሽ ቀን የቆርቆሮ ደጃፍ ላይ ተገትራ ዋለች። እምቢ የሚባል ፈቃድ አንድ ብቻ ነው። እሱንም እሷ ራሷ ሦስት ዓመት እምቢ ስትል ኖራለች።

«እትዬ፣ እነዚህን ወንበሮች ማን አመጣቸው?»

«ምሰሶው ነው፤ እግዜር ይስጠው። ከጠዋት ጀምሮ ሲሸከም ነው የዋለው። አርፎ አያውቅም ይላሉ።»

*

«ሳጅን፣ ትናንት ሰርቪሱ የሁሉንም ሰው ቤት አድርሷል?» አለች መኪና ውስጥ።

«አድርሷል። ምሰሶው ብቻ መጀመሪያው ማዞሪያ ላይ ወርዶ ወደ ቢሮ ተመልሷል፤ ሥራ ረስቶ። የሰርቪሱ ሹፌር ነው የነገረኝ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ዛሬ የት ይገኛል?»

ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ጨፈነች። «ሳጅን። ይህንንም ጠዋት ነው የሰሙት?»

«ጠዋት ነው።»

«ዘበኛውስ? ማንም አልተመለሰም አላለም?»

«‹እንግዳ ሰው አልገባም› ነው ያለው። ‹ምሰሶውስ?› ብለው ‹እሱማ የቤቱ አካል ነው፣ ምሰሶ ገባ ወጣ ተብሎ ይቆጠራል እንዴ?› አለኝ።»

«እና ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቁ...»

«በቃ! እንዳይጨርሱት!» ከዚያ እንደ መረጋጋት አለች። «በሬ ካራጁ ይውላል አሉ። ሬሳው አጠገብ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ።»

«እንግዲያው እንያዘው።»

«በምን? ከልክ በላይ ይሠራል ብዬ? አይ ሳጅን። እንደ ባንኩ ነው የምናደርገው፤ ፈቃድ እናስወጣዋለን።»

*

የምክር ቤቱን አስተዳደር ኃላፊ ለማሳመን አሥር ጊዜ «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ማለት ነበረባት። የፈቃዱን ወረቀት የያዘችው ጸሐፊዋ ናት። ምሰሶው መጋዘኑ ውስጥ ነበር። አዳዲስ የኮምፒውተር ካርቶኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ መተላለፊያው ጠባብ ነው።

«ደክመዋል» አለች ኢንስፔክተሯ በለሰለሰ ድምፅ። «ሐዘን ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ሲሸከሙ ዋሉ። ኃላፊው ሁለት ሳምንት ይረፉ ብለዋል። ቁልፉን ለጸሐፊዋ ያስረክቡ።»

ምሰሶው ሳቀ። «ኧረ ምን ሲደረግ! እኔ እኮ ድካም አላውቅም።»

«ይታወቃል። ይረፉ።»

«ይህን ሐዘን ጥዬ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ደግ ሰው ነው ይላል። ቁልፉን።»

«ነገ፣ ነገ ጠዋት አስረክባለሁ።»

«አሁን።»

ሳቁ ጠፋ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። «እሷ ምን ታውቃለች? የቱ የት እንዳለ ሳታውቅ! እኔ ይህን ቤት በዓይኔ ሥር አሳድጌ... አልወጣም! ፈቃድ አልፈልግም ካልኩ አልፈልግም!»

«ፈቃድ እምቢ አይባልም» አለች ቀስ ብላ። «ፈቃድ ፈቃድ ነው። ይሂዱና ይረፉ።»

«እሳቸውም እንዲሁ ነው ያሉኝ!» ብሎ ጮኸ። «‹ሂድና እረፍ!› ይሉኛል፤ እንደ ሕፃን! እኔን!»

ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«መቼ ነው ያሉዎት?» አለች ኢንስፔክተሯ። «ካነጋገሩኝ ሳምንት አለፈ ብለውኝ ነበር።»

በዚያች ቅጽበት ሳጅኑ፣ ነገሩን በደንብ ለመስማት ብሎ ይሆናል፣ ከኋላ ያሉትን ካርቶኖች ተደገፈ። ኮምፒውተር የሞላ ካርቶን ሰው ቢደገፈው አይነቃነቅም። ይህ ግን ከላይ እስከ ታች ተናደ። ሳጅኑ ከስሩ ሆኖ ሲሳደብ ይሰማል። የፊተኛው ረድፍ ብቻ ዕቃ ነበረው። ከኋላው ያለው በሙሉ ባዶ ነው።

ኢንስፔክተሯ ወደ ቢሮው ሄዳ የሚያበራውን ዋንጫ በመሐረብ ይዛ መጣች። የእብነ በረዱ አንዱ ጥግ ትንሽ ተሸርፏል። አሁን ጽሑፉን አነበበችው። የዘንድሮው አይደለም፤ የመጀመሪያው ነው።

ምሰሶው ራሱ ባመጣው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«መጀመሪያ አንዲት ማተሚያ ማሽን ነበረች» አለ። «ልመልሳት ነበር። ከዚያ በኋላ መውጣት አልቻልኩም። አንድ ቀን ብቀር አንድ ሰው አንድ ካርቶን ያነሳል። እናቴ ስትሞት ቀብሯን ውዬ ከሰዓት ቢሮ ገባሁ። ሰው ‹ወይ ታታሪነት!› ብሎ አጨበጨበልኝ። ልጆቼ ‹አባባ ባሕር አሳየን› እንዳሉ አደጉ። ትናንት ዋንጫውን ያነሳሁት ለባንኩ ላሳያቸው ነበር፤ እውነቴን ነው። ይህን ያየ ሰው አይጠረጥረኝም ብዬ። እሳቸው ግን ዞር አሉና ጓጉንቸር ከኪሳቸው ሊያወጡ...» ፊቱን በጋዋኑ ሸፈነ።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተናደደችም። ያዘነችው ለማን እንደሆነ ግን በቅጡ አላወቀችም፤ በር ሳይቆለፍ ላደረባቸው ሴትዮ ይሁን፣ ወይ ባሕር ላላዩት ልጆች።

*

ማምሻው ላይ ሳጅኑ ከእስረኛ ክፍሎቹ ተመለሰ፤ ግንባሩ ላይ ፕላስተር ለጥፏል። «ምሰሶው ተኝቷል» አለ። «እንዲህ ያለ እንቅልፍ አይቼ አላውቅም። እራት ብለን ብንቀሰቅሰው እምቢ አለ።»

ኮማንደሩ ደወለ። ሰላም አለ! ተአምር ነው።

«ጎበዝ! አንቺ የጣቢያችን ምሰሶ ነሽ። ዘንድሮ ለምስጉን ሠራተኛነት አቀርብሻለሁ።»

«ኧረ በፈጠረዎት!» አለች። «ዋንጫ አልፈልግም። ፈቃድ ይስጡኝ።»

«ነገ እንነጋገርበታለን።»

«የምንነጋገርበት ነገር የለም። የጠረጴዛዬ ቁልፍ ሳጅኑ ጋ ነው» አለችና ቀድማ ዘጋችበት። ሳጅኑ ቁልፉን መዳፉ ላይ አየው። የመኪናውን ቁልፍ ያስታወሰ ይመስል፣ ቶሎ ብሎ በደረት ኪሱ ከተተውና ኪሱን ቆለፈ።

ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። የፓትሮሉን በር ስትከፍትለት አልገባም።

«የመንግሥት መኪና አይደለም እንዴ? ፈቃድ አለው?»

«የለውም። ግባ።»

ክሊኒኩ ውስጥ ሚስቱ ሕፃኗን ታቅፋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ስታየው ንዴቷ መጣ።

«የት ነበርክ?»

ቀኑን ሙሉ ያልመለሳት ጥያቄ ናት። አሁን ግን አላመነታም። «እስር ቤት።»

«በዚህ ቀን ይቀለዳል? የት ነበርክ ነው የምልህ!»

«እውነቴን ነው! አምላክን፣ እስር ቤት ነበርኩ!»

«ውሸታም! ሌሊቱን ሙሉ ብቻዬን... ደግሞ አሁን መጥተህ...» እንባዋ ሕፃኗ ላይ ወረደ።

ሹፌሩ ጨንቆት ወደ በሩ ዞረ። ኢንስፔክተሯ ባርኔጣዋን በእጇ ይዛ ገባች፤ ድካሟን ደብቃ፣ ቃል እንደሚሰጥ ሰው ቀጥ ብላ ቆመች።

«ልክ ነው እህቴ» አለች። «ሌሊቱን ከዚህ አጥር ስር ነበር፤ ቀኑን ደግሞ ከእኔ ጋር። ምስክሩ እኔ ነኝ።»